ተሳቢ መጎተት፤ ስለ ነጂው ሥልጠናና ስለ መንጃ ፈቃዱ

የኅብረት ሥራ ማኅበር ትራክተር ሲገዛ በመጀመሪያ የሚያስበው ስለ ማረሻው ነው። ተሳቢው ብዙውን ጊዜ በኋላ የሚመጣ፣ አንዳንድ ጊዜም በከተማ ብየዳ ቤት በርካሽ የሚሠራ ዕቃ ነው። ነገር ግን ትራክተሩ ዓመቱን ሙሉ የሚውልበት ሥራ ቢቆጠር እርሻው የጥቂት ሳምንታት ሲሆን ጭነቱ ግን አያባራም። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ከመጋዘን ይመጣል፤ እህል ከአውድማ ይጓጓዛል፤ ገለባው፣ ድንጋዩ፣ አሸዋው፣ የውኃ በርሜሉ፣ የትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ፣ አንዳንዴም ሙሽራና ሚዜ ሳይቀር የሚሄደው በዚሁ ተሳቢ ነው።

የልማት ሠራተኞች ደጋግመው የሚጠይቁን ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «የማኅበራችን ትራክተር ነጂ ተሳቢ ለመጎተት ምን ያስፈልገዋል?» የሚል ነው። መልሱ ሥልጠናና ፈቃድ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ አንዱም ሌላውን አይተካም። በማሳ ላይ ጎበዝ የሆነ ነጂ፣ መንጃ ፈቃዱንም በኪሱ የያዘ ቢሆን፣ በተሳቢ ካልተለማመደ ለዚህ ሥራ ገና አልደረሰም። ይህን የምንለው አንብበነው ሳይሆን በራሳችን ጊቢ ዋጋ ተከፍሎበት ስለተማርነው ነው።

በራሳችን ጊቢ የደረሰው

ከጥቂት ዓመታት በፊት በመኸር ወቅት ከዘር ብዜት ማሳችን ወደ መጋዘን የስንዴ ዘር እናመላልስ ነበር። ተሳቢው ባለ አራት ጎማ ሲሆን ጭነቱ 45 ኩንታል ነበር። ነጂው ከዐሥር ዓመት በላይ ትራክተር የነዳ፣ ቀጥ ያለ ትልም በማውጣት የታወቀ፣ ፈቃዱንም በጊዜው የሚያሳድስ ሰው ነው። ከማሳው እስከ መጋዘኑ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ በመካከሉ ወደ ወንዝ የሚወርድ አንድ ቁልቁለት አለ። በዚያ ቀን ሰባት ጊዜ ያለ ችግር ተመላለሰ።

በስምንተኛው ጉዞ ቁልቁለቱን በለመደው ማርሽ ሳይሆን በአንድ ከፍ ባለ ማርሽ ጀመረው፤ መሽቶ ነበርና ለመድረስ ቸኩሏል። እመንገዱ አጋማሽ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ስለ በዛበት ዝቅተኛ ማርሽ ለማስገባት ፍሪሲዮን ረገጠ። ማርሹ ወጣ፤ ሌላው ግን አልገባም። ከዚያ በኋላ ትራክተሩን የሚይዘው ሞተር አልነበረም። ነጂው ፍሬን ረገጠ፤ የረገጠው ግን የግራውን ብቻ ነው። በማሳው ጫፍ ላይ አጥሮ ለመዞር ሲል የሁለቱን ፍሬን ፔዳሎች ማያያዣ ከፍቶት፣ ወደ መንገድ ሲወጣ ሳይመልሰው ቀርቶ ነበር። ትራክተሩ ወደ ግራ ዞረ፤ ተሳቢው ቀጥ ብሎ መጣና ከጎኑ መታው። ሁለቱም ተገለበጡ።

ረዳቱ በኩንታሎቹ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሃያ ዓመት ገና አልሞላውም። ሕይወቱ ተርፏል፤ ቀኝ እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች ተቆርጧል።

በመጀመሪያው ሳምንት ሁላችንም ጥፋቱን በነጂው ላይ ጣልን። የምርመራውን ቃል ስንጽፍ ግን አንድ ጥያቄ ላይ ቆምን። ለዚህ ሰው ተሳቢ መጎተትን ያስተማረው ማን ነው? ማንም አላስተማረውም። የሠለጠነው በማረሻና በመከስከሻ ነው። ፈተናውን የተፈተነው ባዶ ትራክተር ነድቶ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ተሳቢ ተገዛ፤ አንድ ሰው ፒኑን ሰካለትና «ሂድ» አለው። ያ ሰው ከእኛ አንዱ ነበር። ተሳቢው ፍሬን እንደሌለው እናውቅ ነበር፤ ረዳቱ በጭነቱ ላይ ሲወጣም በየቀኑ እናይ ነበር።

የማሳ ልማድና የመንገድ ልማድ

ከላይ በተገለጸው አደጋ ነጂው ያደረጋቸው ሁለቱ ነገሮች በማሳ ላይ ቢደረጉ ትክክል ነበሩ። የልማት ሠራተኞች ይህን በጥሞና እንዲያዩልን እንፈልጋለን።

በማሳ ላይ ማረሻው ራሱ ፍሬን ነው። አፈሩ ውስጥ ስለ ገባ ነጂው ፍሪሲዮን በረገጠ ቅጽበት ትራክተሩ ቀጥ ይላል። ስለዚህ የአራሽ ነጂ እግር ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ፍሪሲዮን ነው። ይህን በየቀኑ ለዓመታት ሲያደርገው ሐሳብ መሆኑ ይቀርና የእግር ልማድ ይሆናል። በቁልቁለት ላይ የተጫነ ተሳቢ እየገፋው ፍሪሲዮን የሚረግጥ ነጂ ግን ትራክተሩን ከሞተሩ ለየው ማለት ነው። ሳያውቀው በፎሌ መሄድ ጀመረ።

ሁለተኛው ልማድ የአንድ ጎን ፍሬን ነው። ትራክተር የግራና የቀኝ ፍሬኑ ለየብቻ የሚረገጠው በማሳ ጫፍ አጥሮ እንዲዞር ነው። በመንገድ ላይ ግን ሁለቱ ፔዳሎች በማያያዣቸው መቆለፍ አለባቸው። ይህች ማያያዣ የጣት ርዝመት ያላት ትንሽ ብረት ናት፤ ብዙ ትራክተሮች ላይ ጠፍታ ወይም ዝጋ ተጣብቃ እናገኛታለን። ትራክተር ስትጎበኙ ከሞተሩ ዘይት በፊት እርሷን እዩ።

ክብደቱም ሌላ ትምህርት ይፈልጋል። ትራክተሩ 30 ኩንታል፣ ባዶው ተሳቢ 15 ኩንታል፣ ጭነቱ 45 ኩንታል ቢመዝን በጠቅላላው 90 ኩንታል ይሆናል። ተሳቢው ፍሬን ከሌለው ይህን ሁሉ የሚያቆመው ለ30 ኩንታሉ የተሠራው ፍሬን ነው። ብቻውን ሆኖ በ5 ሜትር ውስጥ የሚቆም ትራክተር፣ በዚሁ ጉልበት እየተረገጠ ይህን ጭነት አስከትሎ ለመቆም ወደ 15 ሜትር ይፈልጋል ማለት ነው። ፍጥነቱ በእጥፍ ቢጨምር ደግሞ ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚሄደው ርቀት እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ይህ ሁሉ በደረቅና ሜዳ በሆነ መንገድ ነው። በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት ላይ 60 ኩንታል የሚመዝነው የተጫነ ተሳቢ ትራክተሩን ከኋላ የሚገፋው 6 ኩንታል ያህል በሆነ ኀይል ነው። ስድስት ኩንታል ስንዴ ምን ያህል እንደሚከብድ ለማኅበር አባላት መንገር አያስፈልግም።

የአገራችን አቀማመጥ ይህን ነገር ያብሰዋል። ስንዴ በብዛት የሚመረትባቸው ብዙዎቹ ቦታዎች ደጋ ናቸው፤ ገበያውና ወፍጮው ደግሞ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ከአሰላ ተነሥቶ አዳማ የሚደርስ መንገደኛ ከ700 ሜትር በላይ ይወርዳል። ስለዚህ ተሳቢው ሽቅብ የሚወጣው ባዶውን፣ ቁልቁል የሚወርደው ተጭኖ ነው። ለሞተሩ ይህ ይመቸዋል፤ ለፍሬኑ ግን ከሁሉም የከፋው ይኸው ነው።

ስለ ፈቃዱ

በአገራችን የአሽከርካሪ ፈቃድ በየምድቡ የተከፈለ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ይህን ሥርዓት የሚመለከት ነው። ሞተር ብስክሌት ለመንዳት የተሰጠ ፈቃድ መኪና ለመንዳት አያገለግልም፤ አውቶሞቢል ለመንዳት የተሰጠውም ለጭነት መኪና አይሆንም። የእርሻ ትራክተር የሚታየው ልዩ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ በሚባለው ምድብ ነው። ሆኖም በየማኅበሩ ስንዞር የአውቶሞቢል ፈቃድ ይዞ ትራክተር የሚነዳ፣ ከዚያም የባሰ ምንም ሳይዝ «የምሄደው በእርሻ መንገድ ላይ ብቻ ነው» የሚል ነጂ እናገኛለን። የእርሻ መንገዱ አስፋልቱን የሚያቋርጥበት ቦታ እንዳለ ይዘነጋል።

አመልካቹ ፈቃድ ካለው ማሠልጠኛ ተቋም የንድፈ ሐሳብና የተግባር ትምህርት ተከታትሎ፣ የጤና ምርመራ አድርጎ፣ ከዚያም በክልሉ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የጽሑፍና የተግባር ፈተና ይወስዳል። የልማት ሠራተኛው እዚህ ላይ ሊረዳ የሚችለው አንድ ነገር አለ። ወደ ማሠልጠኛው ከመሄዱ በፊት የትራክተሩን ሊብሬና የተሳቢውን ማስረጃ ይዞ ከነጂው ጋር ወደ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት መሄድና «በዚህ ትራክተር ይህንን ተሳቢ ለመጎተት የሚያስፈልገው የትኛው ምድብ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ብዙ ነጂዎች ገንዘባቸውን ከፍለው ከጨረሱ በኋላ የተሳሳተ ምድብ እንደ ያዙ ይገነዘባሉ። ተሳቢውም ራሱ የተመዘገበ መሆን አለመሆኑ፣ ቦሎ የሚያስፈልገው መሆኑ በዚያው አጋጣሚ ይታወቃል።

ፈቃዱ የግድ ነው ስንል ፈቃዱ ይበቃል ማለታችን አይደለም። በዚህ ረገድ የእንግሊዝ አገር ታሪክ ያስተምራል። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. ከ1997 መጀመሪያ ወዲህ የመኪና ፈቃድ ያወጣ ሰው ከባድ ተሳቢ ለመጎተት ሌላ ተጨማሪ ፈተና ማለፍ ነበረበት። በዲሴምበር 2021 ግን ይህ ፈተና ቀረ። የቀረበትም ምክንያት ተሳቢ መጎተት ስለ ቀለለ ሳይሆን የከባድ መኪና ነጂዎች እጥረት ስለ ነበር ፈታኞቹን ወደዚያ ለማዛወር ነው። ተሳቢው ከነክብደቱ እንደ ነበረ ነው። በአውሮፓ ሕግ አንድ ሌላ ልብ የሚባል ነገር አለ፤ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ ግራም፣ ማለትም ከሰባት ኩንታል ተኩል በላይ እንዲመዝን የተፈቀደለት የመኪና ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ይፈለጋል። እኛ በየመንደሩ የምናየው ተሳቢ ከዚህ አምስት ስድስት እጥፍ ጭኖ ያለ ፍሬን ይሄዳል።

ሥልጠናው እንዴት ይሰጥ

ገበሬ ወይፈን ሲገራ በመጀመሪያው ቀን ለብቻው ዳገታማ ማሳ ላይ አያውለውም። ከተገራ በሬ ጋር ይጠምደዋል፤ ለስላሳ መሬት ይመርጥለታል፤ ሲደክም ይፈታዋል። ለሰው ይህን ያህል ትዕግሥት መንፈግ የሚገባ አይደለም።

ለልምምዱ የሚሻለው ጊዜ ጥቅምት ነው። ዝናቡ አልፏል፤ ትራክተሩ ከእርሻ ሥራ አርፏል፤ የመኸሩ ጭነት ገና አልጀመረም። ቦታው ደረቅ የግጦሽ ሜዳ ቢሆን ይበቃል። እኛ ከላይ ከተገለጸው አደጋ ወዲህ ለእያንዳንዱ ነጂ ዐሥር ቀን እንሰጣለን፤ በቀን ከሦስት ሰዓት በላይ አናሠራም፤ የደከመ ሰው የሚማረው ስሕተት ብቻ ነውና። ማንኛውም ሰልጣኝ ከረዳቱ ጋር ሆኖ ነው የሚለማመደው። ረዳቱን ትቶ ነጂውን ብቻ ማሠልጠን ግማሽ ሥራ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ሞተር አይነሣም። ማያያዝና መፍታት ብቻ ነው። የተሳቢው ዘንግ መያያዝ ያለበት ዝቅ ብሎ ከተሠራው ከትራክተሩ መጎተቻ ብረት ጋር ነው። ከዚያ ከፍ አድርጎ፣ ለምሳሌ በሃይድሮሊኩ የላይኛ ማያያዣ ላይ ወይም በአክስሉ ላይ ማሰር ክልክል ነው። ከፍ ብሎ የታሰረ ጭነት ዳገት ላይ እምቢ ሲል የትራክተሩ አፍንጫ ተነሥቶ ወደ ኋላ በነጂው ላይ ይገለበጣል፤ ይህም ለመዝለል እንኳ ጊዜ በማይሰጥ ፍጥነት የሚሆን ነገር ነው። ፒኑ ልኩ መሆን አለበት፤ ሥሩም በቁልፍ ፒን መያዝ አለበት። በሚስማር፣ በአርማታ ብረት ቁራጭ፣ በሽቦ የተያዘ ተሳቢ አይተናል። ከፒኑ ሌላ የጥበቃ ሰንሰለት ይታሰር፤ ፒኑ ቢወጣ ተሳቢው ብቻውን ወደ ሰው እንዳይሄድ የሚይዘው እርሱ ነው።

በማያያዝ ጊዜ የሚጎዳው ረዳቱ ነው። ትራክተሩ ወደ ኋላ ሲመጣ ረዳቱ በሁለቱ መካከል ቆሞ ዘንጉን በእጁ ይይዛል፤ የነጂው እግር ከፍሪሲዮን ቢንሸራተት ደረቱ በሁለት ብረቶች መካከል ይቀራል። ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው። ትራክተሩ እየተንቀሳቀሰ ማንም በመካከል አይገባም። ትራክተሩ ይቆማል፤ ማርሽ ይወጣል፤ የእጅ ፍሬን ይያዛል፤ ነጂው ሁለት እጁን ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ያን ጊዜ ረዳቱ ገብቶ ፒኑን ይሰካል። ተሳቢው አስቀድሞ በሁለት ጎኑ ታኮ ይደረግበት። ድንጋይ ፍለጋ ከመሮጥ ከእንጨት የተሠሩ ሁለት ታኮዎች በገመድ ታስረው በተሳቢው ላይ ቢንጠለጠሉ ይሻላል።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ባዶውን ተሳቢ ይዞ ወደ ፊት መሄድና መዞር ነው። ተሳቢ ሲዞር የትራክተሩን ኮቴ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ይህን ለማሳየት በመዞሪያው ላይ አራት ችካል ተክለን ሰልጣኙ እንዲዞራቸው እናደርጋለን። በመጀመሪያው ቀን ችካሎቹን ያልሰበረ ሰልጣኝ እስካሁን አላየንም። ችካሉ የድልድይ ጠርዝ ወይም የቆመ ልጅ ሊሆን ይችል እንደነበር መንገር ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ ራሱ ዝም ይላል።

ከዚያ በኋላ ኋላ ማርሽ ይመጣል። ከሁሉም የሚያስቸግረው ይህ ስለሆነ ሦስት ሙሉ ቀን እንሰጠዋለን። ባለ አንድ አክስል ተሳቢ ወደ ኋላ ሲገፋ መሪው ከሚዞርበት በተቃራኒ ይሄዳል። ለጀማሪ የሚጠቅመው ዘዴ እጅን ከመሪው ታችኛ ጫፍ ላይ ማድረግ ነው፤ ያን ጊዜ እጁ ወደ ሄደበት ተሳቢውም ይሄዳል። መሪውን በትንሹ ማዞር፣ ቶሎ መመለስ፣ ተሳቢው መታጠፍ ካበዛ ከመታገል ይልቅ ወደ ፊት ሄዶ እንደገና መጀመር ይገባል። ወደ ፊት ሄዶ ማስተካከል ሽንፈት የሚመስላቸው ነጂዎች አሉ፤ በተለይ ሰው ቆሞ ሲያይ። የትራክተሩን ጎማ በተሳቢው ዘንግ የሚቀዱት እነርሱ ናቸው።

ባለ አራት ጎማው ተሳቢ፣ የፊት አክስሉ ከዘንጉ ጋር አብሮ የሚዞረው ማለታችን ነው፣ ከዚህ እጅግ ይከብዳል። የሚታጠፍበት ቦታ ሁለት ስለሆነ ለአንዱ የሠራው ዘዴ ለሌላው ተቃራኒ ይሆናል። ልምድ ያላቸው ነጂዎችም ከዐሥር ሜትር በላይ ቀጥ አድርገው ለመግፋት ይቸገራሉ። ስለዚህ ትምህርቱ በባለ አንድ አክስል ይጀመር፤ ማኅበሩ ያለው ባለ አራት ጎማ ብቻ ከሆነ ደግሞ የመጋዘኑ ጊቢ ወደ ኋላ መግፋት ሳያስፈልግ ዞሮ የሚወጣበት በር ቢበጅለት ከሥልጠናው ይረክሳል።

ረዳቱ በዚህ ጊዜ ምልክት መስጠት ይማራል። ነጂው በስፖኪዮ ሊያየው በሚችልበት በጎን በኩል ይቆማል እንጂ በኋላ አይቆምም። ነጂው ረዳቱን ካላየው ያቆማል። ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ «ና! ና! ትንሽ ግራ!» እያሉ የሚጮሁበት ልማድ መቅረት አለበት፤ አንድ ፊሽካና አንድ ሰው ይበቃል።

የቀሩት ቀናት የጭነት ናቸው። በግማሽ ጭነት ይጀመራል፤ ከዚያ ሙሉው ይጫናል። የሚጫነው ስንዴ መሆን የለበትም፤ አሸዋ የሞላ ጆንያ ይበቃል፤ ቢፈስስም ማንም አያዝንም። ጭነቱ ከፊትና ከኋላ ይመጣጠን። ባለ አንድ አክስል ተሳቢ ላይ ከክብደቱ አንድ ዐሥረኛ ያህሉ በማያያዣው ላይ ማረፍ ይገባዋል። ወደ ኋላ የበዛ ጭነት ዘንጉን ሽቅብ ያነሣል፤ የትራክተሩም የኋላ ጎማ መሬቱን መቆንጠጥ ያቅተዋል። ከስፖንዳው በላይ የተቆለለ ገለባ ቀላል ቢሆንም ከፍታው በጎን ተዳፋት ላይ ይገለብጣል፤ በመጫኛ በደንብ ይጠፈር።

ከዚያ ቁልቁለቱ ይመጣል። ነጂው በቁልቁለቱ አናት ላይ ሙሉ በሙሉ እንዲቆም እናደርጋለን። ይቆማል፤ የፔዳሎቹን ማያያዣ በእጁ ይነካል፤ ይህንኑ መንገድ ሽቅብ ቢወጣ ይይዝ የነበረውን ማርሽ፣ ወይም ከዚያ ዝቅ ያለውን፣ ያስገባል፤ ከዚያ በኋላ እታች እስኪደርስ ድረስ ፍሪሲዮን አይረግጥም። ፍሬኑን የሚረግጠው ሞተሩን ለማገዝ ነው፤ ሞተሩን ለመተካት አይደለም። እግሩ ሳያውቀው ወደ ፍሪሲዮን ሲሄድ አሠልጣኙ ያያል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሁሉም እግር ይሄዳል። ይህ እስኪቀር ድረስ፣ ዐሥር ቀንም ቢያልፍ፣ ሰልጣኙን አንለቅም።

ማኅበሩ ያለው ትራክተር ሳይሆን ፒክአፕ መኪናና ትንሽ ተሳቢ ከሆነ ከላይ የተባለው አብዛኛው ይሠራል። ልዩነቱ ፍጥነቱ ነው። በአስፋልት ላይ ጭነቱ ወደ ኋላ የበዛበት ተሳቢ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ያን ጊዜ ነዳጁን መልቀቅና መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው፤ ፍሬን ድንገት መርገጥም ሆነ ለማምለጥ ፍጥነት መጨመር ያባብሰዋል። የመኪናውም መመሪያ መጽሐፍ ምን ያህል ክብደት መጎተት እንደሚችል ይናገራል፤ ጠፍቶ ከሆነ ከአስመጪው ይጠየቅ እንጂ በግምት አይጫን።

የኮሚቴው ድርሻ

ለሥልጠና ማን ይላክ የሚለው ጥያቄ በብዙ ማኅበራት ንትርክ ያስነሣል። የሊቀ መንበሩ ወንድም መሆን መመዘኛ አይደለም። ዐይኑ በደንብ የሚያይ፣ የማይጠጣ፣ የማይቸኩል፣ «አልችልም» ማለትን የማያፍር ሰው ይመረጥ። ቢቻል ሁለት ሰው ይላክ፤ አንዱ ሲታመም ቁልፉ ወዳልሠለጠነ ሰው እንዳይሄድ። የቁልፉ ነገር ዋና ነው። ቁልፉ በጸሐፊው ወይም በንብረት ክፍሉ እጅ ይሁን፤ ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ለምን ሥራ፣ ስንት ኩንታል ለመጫን እንደ ወሰደው በደብተር ይጻፍ። የቁጥጥር ኮሚቴው ሒሳብ ሲመረምር ይህን ደብተርም ይመርምር።

የመድን ጉዳይ ሳይዘነጋ ይታይ። የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገ ግዴታ ነው። ማኅበሩ መድን ሲገባ ተሳቢውም የሚሸፈን መሆኑን፣ ረዳቱስ ቢጎዳ ምን እንደሚደረግ ከመድን ድርጅቱ በጽሑፍ ይጠይቅ። ፈቃድ የሌለው ወይም ምድቡ የማይፈቅድለት ሰው ነድቶ አደጋ ቢደርስ ዕዳው ወደ ማኅበሩ፣ ማለትም ወደ አባላቱ ኪስ ሊዞር ይችላል።

ሰው በጭነት ላይ ስለ መጫን የምንለውን የልማት ሠራተኞች ቀደም ብለው ያውቁታል፤ አስቸጋሪነቱንም ያውቁታል። በገበያ ቀን ተሳቢው ባዶውን ሲመለስ አዛውንቱ መንገድ ላይ ቆመው «ልጄ፣ ጉልበቴ አልሄድ አለኝ፤ ጫነኝ» ሲሉት ነጂው እምቢ ማለት ያቅተዋል። እምቢ ቢልም እንደ ጨካኝ ይቆጠራል። ይህን ሸክም በነጂው ጫንቃ ላይ ብቻ መተው ትክክል አይደለም። ጠቅላላ ጉባዔው ራሱ ተወያይቶ «በማኅበራችን ተሳቢ ላይ፣ ተጭኖም ሆነ ባዶውን፣ ሰው አይሳፈርም» ብሎ በቃለ ጉባዔ ቢወስን ነጂው የሚያሳየው ወረቀት ያገኛል። አንድ ማኅበር ይህንኑ ውሳኔ በስፖንዳው ላይ በትልቁ በቀለም አስጽፎታል። ነጂው እንደ ነገረን ከዚያ ወዲህ አዛውንቱ የሚቆጡት እርሱን ሳይሆን ጉባዔውን ነው፤ ጉባዔው ውስጥ ደግሞ እርሳቸውም ነበሩበት።

በራሳችን ጊቢ ዛሬ ቁልፉን የሚያወጣውና ደብተሩን የሚይዘው እግሩን ያጣው ረዳት ነው። ቁልፍ ከመስጠቱ በፊት በምርኩዙ እየሄደ የፔዳሎቹን ማያያዣ ራሱ ያያል። አንድ ጊዜ ከእኛ የክፍል ኀላፊዎች አንዱ ሥራ በዝቶበት ያልሠለጠነ ነጂ እንዲወጣ ጠይቆት ነበር፤ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ዝም አለው።

ሥልጠናውን ለማግኘት የሚፈልጉ ማኅበራት የሚልኳቸውን ነጂና ረዳት ስም፣ የነጂውንም መንጃ ፈቃድ ቅጅ አያይዘው በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል እስከ መስከረም አጋማሽ ድረስ ያሳውቁን። ፈቃዱ ገና ያልወጣ ከሆነ ይህንኑ ይግለጹ፤ ልምምዱ በጊቢያችን ሜዳ ላይ ብቻ ይሆናል። የራሳቸውን ተሳቢ ይዘው እንዲመጡ እንመክራለን፤ ሰው የሚሠራበትን ዕቃ ጠባይ ማወቅ ያለበት በዚያው በራሱ ዕቃ ነውና። ሲመጡ ግን ፈቃድ ባለው ሰው አስነድተው፣ ባዶውን ያምጡት።